ሁለት ዓይን፣ ሦስት እግር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ ከጅማ

ባለፈው ስለ ትልልቅ ባይኖኩላሮች (በሁለት ዓይን ስለሚታይባቸው የሩቅ ማጉያዎች) ከጻፍኩ ወዲህ ጥያቄው በዝቶልኛል። ደስ ብሎኛል። አምስቱን ልመልስ።

«ወንድሜ ከውጭ 20 በ80 ባይኖኩላር ላከልኝ። ቀን ላይ ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጥርት አድርጎ ያሳያል። ማታ ግን ኮከቡ ሁሉ ይዘላል። ተበላሽቶ ይሆን?»

ምንም አልሆነም፣ የሚዘለው እጅህ ነው። 20 ማጉያው ነው፣ 80 ደግሞ የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊሜትር። ሰማዩን 20 ጊዜ ሲያጎላልህ የእጅህንም መንቀጥቀጥ አብሮ ያጎላዋል። ዕቃው ራሱ 2 ኪሎ ገደማ ነው፤ ክንድ ቶሎ ይዝላል። ሰፊ ግድግዳ ትንሽ ቢወዛወዝ ዓይን ችላ ይለዋል። ኮከብ ግን ነጥብ ስለሆነ ወዲያው ያሳብቃል።

ስለዚህ ትራይፖድ፣ ማለትም ባለ ሦስት እግር መቆሚያ፣ ያስፈልግሃል። ቀጭኑ የስልክ ትራይፖድ አይችለውም። ሠርግ የሚቀርጹ ልጆች የሚይዙት፣ አናቱ ቀስ ብሎ የሚዞረው ዓይነት ነው ደህናው። የመሀሉን ዘንግ ወደ ላይ አትምዘዘው፤ ከወጣ እንደ ሸምበቆ ይወዛወዛል። እኔ ከሥሩ ውኃ የሞላ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን አስራለሁ፣ ታቹ መሬት እንዲነካ አድርጌ። አለዚያ ነፋስ ያወዛውዘዋል።

ካነጣጠርክ በኋላ እጅህን አንሣ። ሦስት ሰከንድ ጠብቅ። ጁፒተርን ያየህ እንደሆነ ትንሽ ክብ ሆኖ ይቆማል፤ ጨረቃዎቹ ከግራና ከቀኙ እንደ ጨሌ በአንድ መስመር ይሰደራሉ። በዚህ የሚታዩት አራት ናቸው፣ አንዳንዴ አንዷ ትደበቃለች። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸው 20 ጊዜ ገደማ በሚያጎላ ቴሌስኮፕ ነው። ያንተው ማጉያ ከሱ አያንስም፣ ሌንሱ በጣም ይሰፋል፣ ደግሞም በሁለት ዓይንህ ነው የምታየው።

«መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ 25 በ100 ልግዛ ወይስ ቴሌስኮፕ?»

የሳተርንን ቀለበት ለይተው ማሳየት ከፈለጉ ቴሌስኮፕ ይግዙ። ሰፊ ሰማይ፣ ሰባቱን ከዋክብት፣ ጅራታም ኮከብ ከሆነ ግን ባይኖኩላር። ጃፓናዊው ዩጂ ሂያኩታኬ እ.ኤ.አ. በ1996 በስሙ የተጠራውን ጅራታም ኮከብ ያገኘው በ25 በ150 ባይኖኩላር ነው። አንድ ነገር ግን ያስቡበት፦ 25 በ100 ከ4 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፣ ጠንካራ መቆሚያ ይጠይቃል። የመቆሚያው ገንዘብ ከሌለ 15 በ70 ይብቃዎት። በደንብ የቆመ ትንሽ፣ ከሚንቀጠቀጥ ትልቅ ይበልጣል።

«ኦርዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብ አናቴ ላይ ስለሚወጣ አንገቴ ሊቀጭ ነው።»

ይሄ የጅማ ጣጣ ነው። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ እንኳ አትሞላም፣ ኦርዮን ከአናታችን ብዙም ሳይርቅ ያልፋል። እዚያ ላይ ሲደርስ የትራይፖዱ እግርም ይጋረጥብሻል። በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ሌሊትን አትጠብቂ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ውጪ፣ ገና በምሥራቅ በኩል የሰማዩ አጋማሽ ላይ ነው። ቀበቶው ከሚባሉት ሦስት የተሰለፉ ከዋክብት በስተቀኝ የምታበራው ጭጋግ ከዋክብት የሚወለዱባት ደመና ናት።

እንቅልፍሽን መስዋዕት ካደረግሽ ደግሞ በየካቲት መጀመሪያ አካባቢ ሌሊት 10 ሰዓት ወደ ደቡብ ዙሪ። ኦሜጋ ሴንታውሪ ከአድማስ 35 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ታገኚዋለሽ፣ አንገትም አያስጨንቅ። የተነደፈ ጥጥ ይመስላል። ሚሊዮኖች ከዋክብት የታጨቁበት ክምር ነው። አብዛኛው የአውሮፓ ሰው ከቤቱ ሆኖ ጭራሽ አያየውም፤ እኛ ግን ከግቢያችን እናየዋለን! መብራት የጠፋ ሌሊት ከሆነማ አትለፊው።

«ልጄ ፀሐይን በባይኖኩላሩ ልይ እያለ ያስቸግረኛል።»

በፍጹም እናቴ! ለቅጽበትም ቢሆን። ሌንሱ የፀሐይን ብርሃን ሰብስቦ ዓይን ውስጥ ይከተዋል፣ ዓይን ያጠፋል። የፀሐይ መነጽር አያድነውም። ቀን ቀን ትራይፖዱ ላይ አይዋል፣ ይቆልፉበት። ማታ ግማሽ ጨረቃን ያሳዩት፤ ብርሃንና ጨለማው በሚገናኙበት መስመር ላይ የጉድጓዶቹን ጥላ ራሱ ይቁጠር።

«ክረምት ላይ ሌንሱ እንዳይሻግት ምን ላድርግ?»

ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ሰብስብና አብረህ አየር በማያስገባ ዕቃ ክደነው። ጠል ከወረደበት በነጠላ ጫፍ አትጥረገው፣ ይቧጨራል። ክዳኑን ሳትዘጋ ቤት ውስጥ ይደር። ጠዋት ከደረቀ በኋላ ዝጋው።