ስለ አንድ ዋሽንትና ስለ ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ፤ ለወጣት ሙዚቀኞች

ሰሞኑን አንድ የሙዚቃ ተማሪ «እንደ ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ሙዚቃ ለመጻፍ የት ሄጄ ልማር?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም መልሱን ትቼ የራሴን ጥፋት ሳስብ አመሸሁ።

ፕሮፌሰር አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ1938 አዲስ አበባ ተወልደው፣ አሜሪካ በሚገኘው ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የሆኑ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 «ኮቱሬዥያ» የተባለውን ሙዚቃ ለፍሉት (ለፈረንጆቹ ዋሽንት)፣ ለክላርኔት፣ ለቫዮሊንና ለጃፓኑ ባለ ክር መሣሪያ ለኮቶ ደረሱ፤ «እረኛው ባለ ዋሽንት»ን ደግሞ የሃንጋሪ መንግሥት ኦርኬስትራን ራሳቸው እየመሩ አስቀረጹ። በዚህ ድርሰት ውስጥ ፍሉቱ ሲገባ ሁልጊዜ አንድ ሽማግሌ ፊቴ ይደቀናሉ።

ከውጭ ትምህርት በተመለስኩ በዓመቱ አንድ ኦርኬስትራ እንድመራ ተሰጠኝ። ለልምምድ የተጠሩት ዋሽንት ነፊ አምስት ይሁን ስድስት ዋሽንት በነጠላ ጠቅልለው መጡ፤ አንዱን መርጠው በአንቺ ሆዬ ቅኝት ጥቂት ነፉ። ፒያኖው ሲከተላቸው አልገጠመም፤ የዋሽንቱ ድምፅ ለጥቂት ዝቅ ይላል። ዋሽንት ቀዳዳዎቹ የሚበሱት በሠሪው እጅና ጆሮ እንጂ በፒያኖ ልክ አለመሆኑን ማሰብ ነበረብኝ፤ እኔ ግን የተማርኩ ነበርኩና «አባቴ፣ መሣሪያዎ ከድምፅ ውጪ ነው» አልኳቸው። «ድምፁን ስጠኝና ሸምበቆ ቆርጬ ነገ ልምጣ፣ ልጄ» አሉኝ። የጠየቁኝ አንድ ሌሊት ነበር፤ ኮንሰርቱ ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። እምቢ ብዬ ለዋሽንቱ የተጻፈውን ክፍል ለፍሉት ሰጠሁት። ዋሽንቶቻቸውን አንድ በአንድ ጠርገው መልሰው ሲጠቀልሉ፣ እኛ ልምምዱን ጀምረን ነበር።

ፕሮፌሰር አሸናፊም የጻፉት ለፍሉት ነው ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። እሳቸው ግን የአገራቸውን ሙዚቃ እንደ ተማሪ ቁጭ ብለው ያጠኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 በዌስልያን ዩኒቨርሲቲ ያጠናቀቁትን የዶክትሬት ሥራም በኢትዮጵያ ሙዚቃ ላይ የሠሩ ናቸው፤ ፍሉትን የመረጡት ዋሽንትን አውቀው ነው። እኔ የመረጥኩት ለመገላገል ነበር።

ኖታ አጥኑ፣ በሰዓት ተገኙ የሚለውን አልጽፍም፤ ታውቁታላችሁ። የምጽፈው ውጭ ለመሄድ አትቸኩሉ፣ በቅድሚያ አንድ ነፊ ዘንድ ሄዳችሁ ሸምበቆው ሲበሳ ተመልከቱ የሚለውን ነው። እርግጥ እኔ ራሴ ውጭ ባልሄድ ኦርኬስትራ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ፕሮፌሰሩም ሄደዋል፤ ስለዚህ ምክሬ ከሕይወቴ ጋር እንደማይገጥም አይጠፋኝም። የዛሬ ልጆች ዋሽንትን ከኪቦርድ ላይ በአንድ ቁልፍ ማግኘታችሁ ያናድደኛል፤ ቢሆንም በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ ከነበረኝ ጆሮ የእናንተ የተሻለ ይመስለኛል።

ትናንት የዚያን ኮንሰርት ፓርቲቱራ፣ የመሣሪያዎቹን ሁሉ ክፍል የያዘውን ኖታ፣ ከሣጥን አወጣሁት። «ዋሽንት» የሚለው በእርሳስ ተሰርዞ ከላዩ «ፍሉት» ተጽፏል። የሽማግሌውን ስም የትም አልጻፍኩትም።