ከተረፈ ምርት በማብላላት ምን ይወጣል? የጠየቃችሁትና መልሴ

ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ማብላላት የምለው እርሾ፣ ሻጋታ ወይም ባክቴሪያ አንዱን ነገር ወደ ሌላ እንዲቀይር ማድረግን ነው። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ጥያቄ፦ ማንኛውም ተረፈ ምርት ይሆናል?

እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው «ስኳሩ የት አለ?» ብዬ ነው። ሞላሰስ፣ ማለትም ከስኳር ፋብሪካ የሚተርፈው ወፍራም ጥቁር ፈሳሽ፣ ግማሽ ያህሉ ስኳር ነው። በውሃ ቀጠን አድርጋችሁ እርሾ ከጨመራችሁበት ሥራው ይጀምራል። አልኮል፣ የዳቦ እርሾ፣ ሲትሪክ አሲድ ከሱ ይመረታል።

ጥያቄ፦ ጭድና ሰጋቱራስ? በነፃ ይገኛል እኮ!

ነፃ መሆኑ ነው የሚያታልለው። ስኳሩማ አለ። ግን ሴሉሎስና ሄሚሴሉሎስ በሚባሉት የተክሉ ግድግዳ ክፍሎች ውስጥ ተሳስሮ፣ ሊግኒን በሚባል ጠንካራ ነገር ተሸፍኖ ነው የተቀመጠው። እርሾ ይህን መፍታት አይችልም። ስለዚህ ጭዱ መጀመሪያ በእንፋሎት ወይም በአሲድ እንዲላላ ይደረጋል። ከዚያ ስኳሩን ፈትቶ የሚያወጣ ኢንዛይም ይጨመርበታል። ብዙ ጊዜ ኢንዛይሙ የሚመረተው ትራይኮደርማ ሪሴይ ከሚባል ሻጋታ ነው። ሙቀቱና አሲዱ ከበዛ ደግሞ ፉርፉራል የሚባል ጎጂ ኬሚካል ይፈጠርና እርሾውን ያዳክመዋል። ይህን ሁሉ አልፋችሁም፣ ከሄሚሴሉሎስ የሚወጣውን ዛይሎስ የሚባል ስኳር ተራው የዳቦ እርሾ አይነካውም። ገንዘብ የሚያልቀው እዚህ ጋ ነው። ማብላላቱ ራሱ ቀላሉ ክፍል ነው ብል አላጋነንኩም።

ጥያቄ፦ የአይብ ፋብሪካ አጓት ያዋጣል?

1 ኪሎ አይብ ሲሠራ 9 ሊትር ገደማ አጓት ይቀራል። ወንዝ ውስጥ ከተደፋ የውሃውን ኦክስጅን ያሟጥጣል፤ ስለዚህ የሆነ ነገር መደረጉ አይቀርም። ስኳሩ ላክቶስ ነው። የዳቦ እርሾ ላክቶስ አይበላም፣ ክሉይቬሮማይሰስ ማርክሲያነስ የሚባለው እርሾ ግን ይበላዋል። ችግሩ ውሃው ነው። 5 በመቶ ስኳር ቢበዛ 2.5 በመቶ ገደማ አልኮል ቢሰጥ ነው፤ ያንን ለማንጠር የሚነደው ነዳጅ ትርፉን ይበላዋል። ፕሮቲኑን አስቀድሞ ለይቶ መሸጥ፣ የቀረውን አወፍሮ ማብላላት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከአልኮልና ከባዮጋዝ ሌላ ነገር አይወጣም?

ፔኒሲሊንን አስቡ፣ ከሻጋታ የሚገኘውን መድኃኒት! በ1941 ፒዮሪያ፣ ኢሊኖይ በሚገኘው የአሜሪካ መንግሥት የግብርና ላቦራቶሪ አንድሩ ሞየር የበቆሎ መዘፍዘፊያ ውሃ ሻጋታው ላይ ሞከረ። ውሃው የስታርች ፋብሪካዎች ተረፈ ምርት ነበር። የፔኒሲሊኑ ምርት በብዙ እጥፍ ጨመረ። ለሻጋታው የሚሰጠውን ስኳርም በላክቶስ ተክቶት ነበር፣ ያው የአጓቱ ስኳር።

ጥያቄ፦ የብረት ፋብሪካ ጭስ ይብላላል የሚሉት እውነት ነው?

እውነት ነው። በ2018 ቻይና ውስጥ ላንዛቴክ በሚባል ኩባንያ ቴክኖሎጂ የሚሠራ ፋብሪካ ተጀምሯል። ጭሱ ውስጥ ያለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ባክቴሪያ ወደ ኤታኖል ይቀይረዋል። የኔ የስኳር ጥያቄ እዚህ ጋ አይሠራም።

ጥያቄ፦ የባዮጋዝ ማብላያችን ውስጥ ብዙ የፍራፍሬ ተረፈ ምርት ጨመርንና ጋዙ ቆመ። ምን እናድርግ?

አሲድ ሆኖባችኋል። አሲድ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ፈጣን ናቸው። ሚቴን፣ ማለትም የሚነደውን ጋዝ፣ የሚሠሩት ደግሞ ዝግተኛ ናቸው፣ አሲዱ ሲበዛ ሥራ ያቆማሉ። መጨመሩን አቁሙ። ፒኤቹን (የአሲድነቱን መለኪያ) ለኩ፤ 7 አካባቢ መሆን አለበት። ከ6.5 በታች ከወረደ ኖራ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ፣ ወይም ከሚሠራ ማብላያ ዝቃጭ አምጥታችሁ ቀላቅሉ። ጋዙ ሲመለስ ፍራፍሬውን ከእበት ጋር እያደባለቃችሁ በትንሽ በትንሹ ጀምሩ። ውስጡን ለማየት ብላችሁ ግን አንገታችሁን እንዳታስገቡ። ውስጡ ያለው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሲበዛ ሽታው አይታወቅም፣ ይገድላል።