«ወደ ተራራ ጎጆ ሊወስዱኝ ነው፤ ክለቡ ውስጥ ልመዝገብ?» ብላ ለጠየቀችው እህታችን

እህቴ፣ ሰላም ነሽ? ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሙኒክ እንደምትኖሪና የሥራ ባልደረቦችሽ ጁላይ መጀመሪያ ላይ ወደ ተራራ ጎጆ (እነሱ «ሁተ» ይሉታል) ሊወስዱሽ እንደሆነ ጽፈሻል። የአልፓይን ክለቡ (የተራራ ወጪዎች ማኅበሩ) አባልነት ይጠቅም እንደሆነ፣ ምን መያዝ እንዳለብሽ፣ ጾሙን እንዴት እንደምትወጪው ጠይቀሻል። መጨረሻ ላይ ደግሞ «እዚያ ብቸኛዋ ጥቁር እኔ ብሆንስ?» ብለሻል። እኔ አባል ከሆንኩ 9 ዓመት አለፈኝ። የማውቀውን ልንገርሽ።

የጀርመን አልፓይን ክለብ የተመሠረተው እዚያው አንቺ ያለሽበት ሙኒክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1869። ዛሬ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ አባላት አሉት። ግን አንድ ትልቅ ድርጅት ብቻ አድርገሽ አትይው። «ዜክሲዮን» የሚባሉ ከ350 በላይ የየአካባቢው ማኅበራት ስብስብ ነው። እንደ እድር አስቢው። የየሰፈሩ እድር የራሱ ድንኳንና ድስት እንዳለው ሁሉ፣ ብዙዎቹ ዜክሲዮኖች የየራሳቸው ጎጆ አላቸው። ከአልፕስ በጣም የራቀው የበርሊኑ እንኳ ኦስትሪያ ውስጥ፣ ዚለርታል ተራሮች ላይ ከ1879 ጀምሮ ጎጆ አለው። የክለቡ ጎጆዎች ሁሉም ተደምረው ከ320 በላይ ናቸው።

ጎጆ ሲባል የሣር ቤት እንዳይመስልሽ። አብዛኞቹ የድንጋይና የእንጨት ትልልቅ ቤቶች ናቸው። ግን ሆቴል አይደሉም። ብዙዎቹ ጋ መኪና አይደርስም፤ ዕቃው የሚወጣው በገመድ ማንሻ ወይም በሄሊኮፕተር ነው። ስለዚህ ውሃ ይቆጠባል፣ ሻወር ላይኖር ይችላል፣ ቆሻሻሽንም ይዘሽ ትወርጃለሽ። መኝታው ብዙ ጊዜ «ላገር» ነው፤ አንድ ረጅም የእንጨት ቆጥ ላይ ፍራሽ ተደርድሮ፣ አሥር ሰው ትከሻ ለትከሻ ይተኛል። ከምሽቱ 4 ሰዓት (በፈረንጁ 10 መሆኑ ነው) ጸጥታ ይሆናል።

የመጀመሪያ ጉዞዬ ከጋርሚሽ ከተማ ራይንታልአንገርሁተ ወደሚባለው ጎጆ ነበር። እኔ የምመክርሽም እሱን ነው። በፓርትናክ ገደል ውስጥ አልፈሽ ወንዙን ተከትለሽ ትሄጃለሽ፤ መንገዱ ረጅም ነው እንጂ አስፈሪ አይደለም። ያን ቀን ጂንስና የጥጥ ቲሸርት ለብሼ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ መጣ። ዝናቡ እስኪያባራ ጂንሱ ውሃ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ከበደኝ፤ ስደርስ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። የቤቱ ኃላፊ ምንም ሳይጠይቀኝ ጫማዬን አስወልቆ ወደ ማድረቂያው ክፍል ወሰደኝ። ትንሽ ክፍል ናት፤ መሃሏ ምድጃ፣ ዙሪያዋን የተሰቀለ ካልሲና ጃኬት። እርጥብ ሱፍና ላብ ይሸታል። እዚያች ክፍል ቆሜ እጄን ሳሞቅ የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አልረሳውም።

እናም ስትሄጂ ጥጥ ይቅር። የዝናብ ጃኬት፣ ሶሉ የማያዳልጥ ጫማ፣ ለማታ የሚቀየር ሙቅ ልብስ፣ የግንባር መብራት ያዢ። ጥሬ ገንዘብም ያዢ፤ ካርድ የማይሠራባቸው ብዙ ናቸው። «ሁተንሽላፍዛክ» የሚሉት እንደ አንሶላ የሚገባበት ስስ ከረጢት ግዴታ ነው። አልጋ ቀድሞ ይያዝ፤ ጠዋት በጊዜ ተነሡ፤ የበጋ ነጎድጓድ የሚመጣው በአብዛኛው ከሰዓት ነውና።

ከፍታው አያስጨንቅሽ። ራይንታልአንገርሁተ 1,369 ሜትር ላይ ናት፤ አዲስ አበባ እኮ 2,300 ያልፋል። የጀርመን ትልቁ ተራራ ዙግሽፒትዘ ራሱ 2,962 ሜትር ነው። የሚያስቸግረው የአየሩ መሳሳት ሳይሆን አቀበቱና ድንገተኛው ዝናብ ነው። የመንገዶቹን ቀለም ጠይቂ፤ ሰማያዊ ቀላል፣ ቀይ መካከለኛ፣ ጥቁር ከባድ ነው። ለጊዜው ጥቁሩን ተዪው። ስትደርሺ ደግሞ የጎጆው መዝገብ ላይ ስምሽንና ነገ የምትሄጂበትን ጻፊ። ሰው ሲጠፋ ነፍስ አድን ሠራተኞች ፍለጋ የሚጀምሩት ከዚያ መዝገብ ነው።

ጾሙን በተመለከተ፣ ጁላይ መጀመሪያ ከሆነ የሐዋርያት ጾም ገና አልተፈታም፤ ሐምሌ 5 ነው የሚፈታው። የጎጆ ምግብ ቅቤ፣ አይብና እንቁላል ይበዛበታል። አስቀድማችሁ ደውሉና ከእንስሳት ነጻ የሆነ ምግብ እንዳለ ጠይቁ። የምስር ሾርባ ቢሉሽ እንኳ ቋሊማ እንዳይገባበት ንገሪያቸው። እኔ በሶና ቆሎ ከቦርሳዬ አይጠፋም። በሶውን ጠርሙስ ውስጥ በማርና በውሃ በጥብጦ መጠጣት ነው፤ ለአቀበት እንደሱ ያለ ስንቅ አላየሁም።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄሽ። አዎ፣ ብዙ ጊዜ ብቸኛው ጥቁር እኔ ነኝ። የሚያፈጥም ገጥሞኛል። ግን መንገድ ላይ ያገኘሽው ሁሉ «ግሩስ ጎት» ይልሻል፤ አገር ቤት ገጠር ውስጥ መንገደኛው ሁሉ «እንደምን ዋላችሁ» እንደሚለው ነው። ሰላምታሽን ቀድመሽ ስጪ፤ ፊቱ ወዲያው ይፈታል።

የክለቡ ታሪክ ንጹሕ ነው አልልሽም። በ1924 የያኔው የጀርመንና የኦስትሪያ ክለብ ዶናውላንድ የተባለውን፣ አብዛኞቹ አባላቱ አይሁድ የነበሩበትን የቪየና ዜክሲዮን አባሯል። የተገፉት አይሁድ ተራራ ወጪዎች ዚለርታል ላይ፣ 2,498 ሜትር ከፍታ ላይ ፍሪዘንበርግሃውስን ሠሩ። ዛሬ ቤቱ የበርሊን ዜክሲዮን ነው፤ ጥላቻን የሚቃወሙ ሰዎች መገናኛ እንዲሆን ተደርጓል። ይህን ሳውቅ «እዚህ ቦታ የለኝም» የሚለው ስሜቴ ቀለለ። የተገፉት እንኳ ተራራውን አልተዉትም።

ልመዝገብ ወይ ላልሽው፣ ተመዝገቢ። አባል ለአዳር ከሌላው ሰው ቢያንስ 10 ዩሮ ያነሰ ይከፍላል፤ አደጋ ቢደርስብሽም የነፍስ አድን ወጪ እስከ 25,000 ዩሮ ይሸፈንልሻል። ግን ለቅናሹ ብቻ ከሆነ አልመክርሽም። በዓመት አንዴ የምትሄጂ ከሆነ ክፍያው ላያዋጣሽ ይችላል። ዋናው ነገር ሥራው ነው። የዜክሲዮኑ ሰዎች ቅዳሜና እሁድ ደቦ ይወጣሉ፤ የመንገድ ቦይ ይጠርጋሉ፣ እንጨት ይፈልጣሉ፣ ድንጋይ ላይ የደበዘዘውን ቀይ ምልክት በብሩሽ ያድሳሉ። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰላምታ ሰው ብቻ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ አካፋ ይዤ ቦይ ስጠርግ ከዋልኩ በኋላ ግን በስሜ ይጠሩኝ ጀመር። ገመድ አያያዝ ያስተማሩኝም፣ ልጄ ስትወለድ ቤት ድረስ የመጡልኝም እነዚያው ሰዎች ናቸው።

ለአሁኑ ጉዞ የመኝታ ከረጢቱን እንዳትገዢ፤ እኔ ጋ ትርፍ አለ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝና ሙኒክ ባቡር ጣቢያ አቀብልሻለሁ።