ለማኅፀን ካንሰር ኩርኩሚን ይበቃልን?

ጥያቄ፦ እናቴ የማኅፀን ውስጠኛ ግድግዳ ካንሰር ተገኝቶባቸው ማኅፀናቸው በቀዶ ሕክምና እንዲወጣ ቀጠሮ ተይዞላቸዋል። እርሳቸው ግን በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ካንሰሩን እንደሚያጠፋ ሰምተው፣ ቀጠሮውን አዘግይተው እንክብሉን ሊሞክሩ ይፈልጋሉ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ቀጠሮውን እንዳያዘገዩ አጥብቀው ይንገሯቸው። ይህ ካንሰር ከማኅፀን ሳይወጣ ከተደረሰበት አብዛኞቹ ታማሚዎች በቀዶ ሕክምና ይድናሉ፤ ዕድሉን የሚያጠብበው ጊዜ ማባከን ነው።

እናትዎ የሰሙት ወሬ ግን ከባዶ የተነሣ አይደለም። ኩርኩሚን በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ የሚያድጉ የማኅፀን ካንሰር ሕዋሳትን እድገት እንደሚገታ ታይቷል። ችግሩ በሳህኑ ላይ ንጥረ ነገሩ ሕዋሱን በቀጥታ ሲያገኘው፣ በአፍ ሲወሰድ ግን ወደ ደም የሚዘልቀው እጅግ ጥቂት መሆኑና ያንንም ጉበትና አንጀት ፈጥነው የሚለውጡት መሆኑ ነው። በቀን በርካታ ግራም በወሰዱ ሰዎች ደም ውስጥ እንኳ የተገኘው መጠን በሳህኑ ላይ ከሠራው በእጅጉ ያነሰ ነው።

ዕፅዋት ለዚህ በሽታ መድኃኒት አልሰጡም ማለቴ ግን አይደለም። ካንሰሩ ከተሰራጨ ወይም ከተመለሰ ካርቦፕላቲን ከተባለ ሌላ የካንሰር መድኃኒት ጋር የሚሰጠው ፓክሊታክሰል የተባለ መድኃኒት የተገኘው ፓሲፊክ ዪው ከተባለ ዛፍ ቅርፊት ነው። ናሙናው እ.ኤ.አ. በ1962 ተሰበሰበ፤ ተመራማሪዎቹ ሞንሮ ዎልና ማንሱክ ዋኒ የንጥረ ነገሩን አወቃቀር በ1971 አሳተሙ፤ ተመራማሪዋ ሱዛን ሆርዊትዝ ደግሞ ሕዋስ ሲከፈል የሚያስፈልጉት ጥቃቅን ቱቦዎች እንዳይፈርሱ በማድረግ ክፍፍሉን እንደሚያስቆም በ1979 አሳየች። በአሜሪካ ለእንቁልጢ ካንሰር የተፈቀደው በ1992 ነው። ከቅርፊት እስከ ፈቃድ ሠላሳ ዓመት የፈጀው መጠኑ፣ ጉዳቱና ጥቅሙ በሰው ላይ እስኪጣራ ድረስ ነው፤ ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ይኸው ነው። ኩርኩሚን ይህን መንገድ ገና አልጨረሰም።

ከአኩሪ አተር የሚዘጋጁ የኢሶፍላቮን እንክብሎችን በተመለከተ ደግሞ ይበልጥ እንዲጠነቀቁ እለምናለሁ። የዚህ ካንሰር አብዛኛው ዓይነት በኢስትሮጅን ሆርሞን የሚገፋ ሲሆን፣ ኢሶፍላቮን የኢስትሮጅንን ያህል ባይበረታም በሕዋሱ ላይ የሆርሞኑን መቀበያ ይይዛል።

እርድ በምግብ ውስጥ መግባቱ አያሳስብም። እንክብል ጀምረው ከሆነ ግን፣ አንዳንዶቹ የደም መርጋትን ሊያውኩ ወይም የሌሎች መድኃኒቶችን መጠን ሊለውጡ ስለሚችሉ፣ ብልቃጡን ይዘው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሐኪማቸው ያሳዩ፤ መቼ ማቆም እንዳለባቸውም ይጠይቁ።