ቴሌክሱ ላይ የነበረችው ቃል

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ ዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ሥራ የጀመረች የጎረቤቴ ልጅ ከዚራ ቤቴ ድረስ ደብዳቤ ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ በእንግሊዝኛ ኢንሹርና ኤንሹር አንድ ናቸው አይደል? ስልኬ ሁለቱንም ልክ ነው ይለኛል» አለችኝ። መልሱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እኔ ግን የያዝኩትን ሻይ አስቀምጬ ዝም አልኩ። ለእሷ ያልነገርኳትን፣ በሰው አገር ቋንቋ እየጻፋችሁ እንጀራ ለምትበሉ ልጆች ሁሉ ልጻፈው።

ጊዜው ሚያዝያ 1985 ነው። መጋላ ውስጥ ለአንድ የቡና ነጋዴ እጽፍ ነበር፤ ሐጂ ነበር የምንላቸው። እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ በአማርኛ የምነግራቸው እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። አባቴ ከለገሃር ሲመለስ ቅባት በነካው እጁ የፈረንሳይኛ ወረቀት ይዞልኝ ይመጣና ማታ ማታ በፋኖስ ያስነብበኝ ነበር። የዚያን ወረቀት ሽታ እስካሁን አልረሳሁትም። እንግሊዝኛውን ያገኘሁት ኋላ፣ ትምህርት ቤት ነው።

ከቡና ገዢው ቴሌክስ መጣ፤ በሽቦ የሚላክ የጽሑፍ መልእክት ማለት ነው። ቴሌክስ ውድ ስለነበር ሰው ቃል ይቆጥባል፤ ትእዛዙ አራት ቃል ብቻ ነበር፦ «ኢንሹር ካርጎ ቱ ጅቡቲ»። በፈረንሳይኛ «አሱሬ» የሚለው ግሥ ማረጋገጥም ነው፣ መድን መግባትም ነው። እኔም ሳልጠራጠር «ሐጂ፣ ቡናው ጅቡቲ መድረሱን አረጋግጡ ይሉናል» አልኳቸው። «እሱማ ምን ጥያቄ አለው!» አሉና አሥራ ሰባት ዓመት ያልሞላውን ልጃቸውን ከሹፌሩ ጎን አስቀምጠው ላኩት።

300 ጆንያ ነበር፤ እያንዳንዱ 60 ኪሎ፣ በደረቁ የተዘጋጀ የሐረር ቡና። ሽያጩ ኤፍ ኦ ቢ ነው፤ መርከብ ላይ እስኪጫን ድረስ የሚደርሰው ጉዳት የሻጩ ነው ማለት ነው። ገዢው ከፊሉን ገንዘብ አስቀድሞ ስለከፈለ ነበር ኢንሹራንስ ግቡ ያለን። ለሐጂም የሚጠቅመው እሱ ነበር።

ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ደወሌ በሚወስደው መንገድ ላይ አሸዋ ብቻ የሚታይባቸው ወንዞች አሉ። ተራራው ላይ ሲዘንብ፣ እናንተ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፉ ይደርሳል፤ የደቻቱን ወንዝ ለሚያውቅ የድሬ ልጅ ይህ አይነገረውም። መኪናው አሸዋው መሃል ተይዞ ሳለ ውሃው መጣ። ልጁ ጆንያዎቹ ላይ ወጥቶ አደረ።

ቡናው መጋዘን ሲመለስ የታችኞቹ ጆንያዎች ጠቁረው፣ ጭቃ ጠጥተው ነበር። አንዱን ፈትቼ እጄን ከተትኩ። ውስጡ ይሞቃል። ፍሬው አብጧል፤ በጥፍሬ ስጫነው ይሰረጉዳል። ሽታው ገና ሻጋታ አልሆነም፣ እንደ እርጥብ ገለባ ነው። 94 ጆንያ ለገበያ ሳይበቃ ቀረ።

ያን ማታ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ጠዋት ለሐጂ ልነግራቸው ተነስቼ ነበር። እሳቸው ግን ቀድመው «የአላህ ሥራ ነው፤ ልጄን አትርፎልኛል፣ አልሐምዱሊላህ» አሉኝ። ወሩ አልቆ ስለነበር ደመወዜን ሳንቲም ሳያጎድሉ ቆጥረው ሰጡኝ። ተቀበልኩ። ምንም አልተናገርኩም። ዓመታት አለፉ፤ ሐጂም ሳይሰሙ ሞቱ። ያ ልጅ ዛሬ ቀፊራ ሱቅ አለው፤ ባገኘኝ ቁጥር ወንበር ስቦ ያስቀምጠኛል። ይህን ጽሑፍ ከሌላ ሰው እጅ ሳያገኘው ሄጄ እነግረዋለሁ።

ወደ ቃላቱ ልመለስ። ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም «ሹር» ከሚለው፣ በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን ከመጣው ቃል የተወለዱ እህትማማቾች ናቸው። አሹር የምታደርጉት ሰውን ነው፤ ልቡን ታሳርፉታላችሁ። ኤንሹር የምታደርጉት ነገሩን ነው፤ እንዲሆን ታደርጋላችሁ። ኢንሹር ገንዘብ የሚከፈልበት፣ መድን መግባት ነው። ይህ እንዳለ ሆኖ፣ በፈረንጆች 1787 የተጻፈው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት መግቢያ ላይ የአገር ውስጥ ሰላምን ስለማረጋገጥ ሲናገር የተጠቀመው በኢንሹር ነው፤ አሜሪካኖች ዛሬም አንዳንዴ እንዲሁ ያደርጋሉ። እንግሊዞች ደግሞ የሕይወት መድንን አሹራንስ የሚሉበት ልማድ አላቸው፤ ቤት ሊቃጠልም ላይቃጠልም ይችላል፣ ሞት ግን አይቀርም። ስለዚህ የቃላቱን ሕግ ብታውቁም ማን እንደጻፈው ማየት አለባችሁ።

መዝገበ ቃላት ከእጃችሁ አይለይ። ግን ያን ቀን የእኔም ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። የማያውቀውን ቃል ሰው ይፈልጋል፤ አውቀዋለሁ ያለውን ማን ገልጦ ያያል? የእኛው «እስከ ዓርብ» አለላችሁ፤ እስከ ዓርብ አቆየው ስንልም፣ እስከ ዓርብ አስረክብ ስንልም አንድ ነው። በእንግሊዝኛ የመጀመሪያው አንቲል፣ ሁለተኛው ባይ ነው። ስታቀያይሯቸው ስልካችሁ አያስጠነቅቃችሁም፤ ዓረፍተ ነገሩ ሰዋስው አልጎደለውማ።

የዛሬ ልጆች እንግሊዝኛን ከእኛ ይበልጥ አቀላጥፋችሁ ትናገራላችሁ፤ ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ መጠየቅ ማፈራችሁ ነው። «ይህን ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?» ብሎ መልሶ መጻፍ አለማወቅ ይመስላችኋል። እኔም ያኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። አንድ ቴሌክስ መልሼ ብልክ ኖሮ ያ ልጅ ቤቱ ያድር ነበር።

የልጅቷ ደብዳቤ ሦስተኛ መስመር ላይ ያለው ቃል ኢንሹር ነው። ለነገሩ ደንበኛዋ ምን እንደፈለገ እሷም አላወቀችም። ደብዳቤውን ሳትልክ ነገ ጠዋት ደውላ ትጠይቀው ዘንድ ተስማምተናል፤ ስትደውል አጠገቧ እቀመጣለሁ።