ጂኑ ሙሉ ሆኖ ፕሮቲኑ የት ገባ?

ጥያቄ፦ በጎንደር ከተማ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ስለ ወባ ሳስተምር፣ አንዳንድ ሰዎች በቀይ የደም ሕዋሳቸው ላይ ዳፊ የተባለው ፕሮቲን ስለሌለ ቫይቫክስ የተባለው የወባ ተሕዋስ በቀላሉ እንደማይይዛቸው፣ የፕሮቲኑ ጂን ግን ሙሉ እንደሆነ ተናገርሁ። ከደምቢያ የመጣች ተማሪዬ «ጂኑ ሙሉ ከሆነ ፕሮቲኑ የት ገባ?» አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት?

መልስ፦ ተማሪዎ የጠየቀችው ዋናውን ነገር ነው። የፕሮቲኑን አሠራር የሚወስነው የዲ.ኤን.ኤ ክፍል ብቻውን ምንም አያመርትም፤ የት፣ መቼና ምን ያህል እንደሚነበብ የሚወስኑ ሌሎች ክፍሎች በአቅራቢያው አሉ። የዳፊ ጂን የሚገኘው በ1ኛው ክሮሞዞም ላይ ሲሆን፣ ንባቡ ከሚጀመርበት ነጥብ ጥቂት ፊደላት (ዲ.ኤን.ኤ የተጻፈባቸው ኬሚካላዊ አሃዶች) ቀደም ብሎ ጋታ-1 የተባለ ፕሮቲን የሚያርፍበት አጭር ስፍራ አለ። ጋታ-1 በመቅኔ ውስጥ ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈጠሩ የሚያስፈልጓቸውን ጂኖች ያስነብባል። በዚያ ስፍራ ያለችው «ቲ» በ«ሲ» ስትተካ ጋታ-1 ማረፊያ ያጣል፤ ጂኑም፣ አንድም ነገር ሳይጎድለው፣ በእነዚህ ሕዋሳት ውስጥ ሳይነበብ ይቀራል። በቫይቫክስና በዳፊ መካከል ያለው ግንኙነት እ.ኤ.አ. በ1976 ቢታወቅም፣ ይህች የፊደል ለውጥ የተገለጠችው በ1995 ነው። በአንዳንድ ደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ግን ንባቡ በጋታ-1 ላይ ስላልተመሠረተ፣ የእነዚሁ ሰዎች ዳፊ እንደወትሮው ይመረታል።

በክፍል ውስጥ ይበልጥ ሊያተኩሩበት የሚገባው፣ እንደ እኛ አስተያየት፣ የተለወጠውን ቅጂ ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለው ሰው በቀይ የደም ሕዋሱ ላይ የሚኖረው ዳፊ በግምት ግማሽ ያህል ነው፤ ምክንያቱም ለውጧ የምታስቀረው በራሷ ክሮሞዞም ላይ ያለውን ጂን እንጂ ማዶ ያለውን ጓደኛውን አይደለም። ችግሩ በራሱ በጋታ-1 ላይ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ቅጂዎች፣ ከእነርሱም ጋር ሌሎች ብዙ የደም ጂኖች በታወኩ ነበር።

አቅራቢያ ስንል ግን ሁልጊዜ ደጃፍ ማለት አይደለም። የወተትን ስኳር የሚያፈጨው የላክቴዝ ጂን በአዋቂነትም እንዲነበብ የሚያደርጉት ለውጦች 14,000 ፊደላት ገደማ ርቀው፣ ያውም በጎረቤት ጂን ውስጥ ይገኛሉ። በኢትዮጵያውያን ዘንድ የሚታዩት በአውሮፓ ከተለመደው ለውጥ የተለዩ ቢሆኑም፣ ሁሉም ያረፉት በዚያው ጠባብ ስፍራ ነው።

ለደምቢያዋ ተማሪ አንድ ማሳሰቢያ ይጨመርላት፦ ዳፊ በሌላቸው ኢትዮጵያውያን ላይም ቫይቫክስ ተገኝቷል፤ በአገራችን በስፋት የሚገኘው ሌላው የወባ ተሕዋስ፣ ፋልሲፓረም፣ ደግሞ ወደ ሕዋሱ ለመግባት ዳፊን ጨርሶ አይፈልግም።