ፋይበር ገብቶም ስርጭቱ ለምን ይቆራረጣል?

100 ሜጋቢት ፋይበር አስገብታችሁም የእሑዱ ቀጥታ ስርጭት ስለሚቆራረጥ «ኦቢኤስን ትተን ቪሚክስ እንግዛ ወይ?» ላልከው፣ ገና አትግዙ። ሁለቱም በኮምፒውተር ቀጥታ ስርጭት የሚያስተላልፉ ፕሮግራሞች ናቸው። ለሠርግም ለጉባኤም በሁለቱም ሠርቼባቸዋለሁ። ቪሚክስ ጎበዝ ነው፣ ግን ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው፤ የመስመር ችግር ከሆነ ደግሞ እሱም ያው ይቆራረጣል።

ስርጭት ላይ እያላችሁ የኦቢኤስን «ስታትስ» መስኮት ክፈቱ። የጠፉ ፍሬሞች (ቪዲዮውን የሚሠሩት ነጠላ ምስሎች) እዚያ በሦስት ተለይተው ይቆጠራሉ። ሬንደሪንግ (ምስሉን ማቀናበር) ላይ ከበዙ ግራፊክስ ካርዱ ተጨናንቋል። ኢንኮዲንግ ላይ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ምስሉን ማመቅ አቅቶታል፤ የኤንቪዲያ ካርድ ካላችሁ በፕሮሰሰሩ ከሚያምቀው ኤክስ264 በካርዱ ወደሚያምቀው ኤንቪኢንክ ቀይሩ። ኢንተርኔቱን የምንጠረጥረው ኔትወርክ የሚለው ቁጥር ሲጨምር ብቻ ነው። (ይህን ሳያይ ካሜራ የሚቀይር ስንት ሰው አለ!)

እሱ ከጨመረ መጀመሪያ የመላኪያውን ፍጥነት ለኩ፤ 100 የተባለው የማውረጃው ብቻ ሊሆን ይችላል። እኔ ለ1080 ምስል በሰከንድ ከ4500 እስከ 6000 ኪሎቢት እልካለሁ፤ ኪፍሬሙ (ሙሉ ምስል በየስንት ጊዜው እንደሚላክ) ዩቲዩብ እንደሚመክረው 2 ሰከንድ ነው። ይህን ለመላክ 100 ሜጋቢት አያስፈልግም፣ የማይዋዥቅ መስመር ግን የግድ ነው። የተለመደው የስርጭት መላኪያ መንገድ አርቲኤምፒ፣ ሁሉም በተራው መድረሱን በሚያረጋግጠው ቲሲፒ ስለሚሄድ አንድ ፓኬት (የመረጃ ቁራጭ) ከጠፋ ተመልሶ እስኪላክ ድረስ ከኋላው ያለው ሁሉ ይጠብቃል። መስመራችሁ እንዲህ ከሆነ የኦቢኤስን ዳይናሚክ ቢትሬት (መስመሩ ሲደክም በሰከንድ የሚላከውን መጠን የሚቀንሰውን) አብሩ፤ ምስሉ ትንሽ ይደበዝዛል እንጂ አይቆምም። ተቀባዩ ሰርቨር ኤስአርቲ የተባለውን ሌላ የመላኪያ መንገድ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ እሱን እመርጣለሁ። ማረጋገጫ በማይጠብቀው ዩዲፒ ሄዶ የጠፋውን በተሰጠው የመዘግየት ጊዜ ውስጥ ደግሞ ይልካል። ካልቀየራችሁት መዘግየቱ 120 ሚሊሰከንድ ነው፤ ባሕር ማዶ ለሚላክ አይበቃም፣ የደርሶ መልሱን ጊዜ በ4 አባዝታችሁ ስጡት።

ካሜራዎቹን በኤንዲአይ (ቪዲዮን በአዳራሹ ኔትወርክ በሚልከው ዘዴ) ካገናኛችሁ ግን ጣጣው አዳራሹ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሙሉው (ብዙ ያልታመቀው) ኤንዲአይ በ1080፣ 60 ፍሬም፣ ለአንድ ካሜራ ብቻ ከ100 ሜጋቢት በላይ ይበላል። ስዊቹ (የኔትወርክ ገመዶቹን የሚያገናኘው ሳጥን) የድሮው ባለ100 ሜጋቢት ከሆነ ፋይበሩ ምን ያደርጋል? ጊጋቢት ስዊች ግዙ፤ ዋይፋይማ አይታሰብ።

ቀረጻውን ከስርጭቱ ለይታችሁ ከፍ ባለ ቢትሬት በኤምኬቪ የፋይል ዓይነት ያዙ። መደበኛው ኤምፒ4 መሃል ላይ መብራት ከጠፋ አይከፈትም፤ ኤምኬቪ እስከዚያች ቅጽበት ያለውን ያተርፍላችኋል። ለኤዲተሩ ስትሰጡ እዚያው ኦቢኤስ ውስጥ «ሪመክስ» በሉት፤ ጥራቱ ሳይነካ ኤምፒ4 ይሆናል።

የስታትሱን ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፈው፣ አይቼ እነግርሃለሁ።